ካሜራው የማያሳየው፦ ቡድን የምትመሩ ሰዎች ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቅዳሜ ከሰዓት ኮምቦልቻ ውስጥ ኳስ የሚያሳይ ቤት ገብታችሁ ታውቁ ይሆናል። ትልቅ ጨዋታ ካለ ወንበር አይገኝም። ግድግዳ ተደግፈን ነው የምናየው። ካሜራው ወደ አሰልጣኙ ሲዞር ቤቱ ይነቃል። አሰልጣኙ ይጮኻል፣ እጁን ያወናጭፋል፣ የውሃ ጠርሙስ መሬት ላይ ይወረውራል። እኛም "መሪ ማለት እንዲህ ነው!" እንላለን። ሰኞ ጠዋት ሥራ ስንገባ ያንኑ ይዘን እንገባለን።

እኔ ፋብሪካ ውስጥ የሺፍት ሱፐርቫይዘር ነኝ። ሃያ ስድስት ሰው አብሮኝ ይሠራል። እሁድ እሁድ ደግሞ የሰፈር ልጆች ኳስ አሰለጥናለሁ። በሁለቱም ቦታ ብዙ ተሳስቻለሁ። ስህተቶቼን መለስ ብዬ ሳያቸው ምክንያታቸው አንድ ነው። ከታላላቆቹ አሰልጣኞች የወሰድኩት ዘጠና ደቂቃውን ብቻ ነበር። እነሱ ግን ዋናውን ሥራ የሚሠሩት ካሜራ በሌለባቸው ቀናት ነው። ሱቅ ውስጥ ሁለት ልጅ የምታሠሩም ሁኑ ትልቅ ክፍል የምትመሩ፣ ከእኔ ስህተት ብትማሩ ደስ ይለኛል። ዓመቶቹን የጻፍኩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ጩኸትን መሪነት ማድረግ

ከሁሉም የከፋው ይሄ ስለሆነ ከሱ ልጀምር።

የማንቸስተር ዩናይትድ አሰልጣኝ የነበሩት አሌክስ ፈርጉሰን ሲነሱ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ቁጣቸው ነው። መልበሻ ክፍል ውስጥ ተጫዋች ፊት ቆመው ሲጮኹ ጩኸታቸው "የፀጉር ማድረቂያ" እስኪባል ድረስ ቁጡ ነበሩ። እውነት ነው። ግን በ1995 ለተጫዋቻቸው ለኤሪክ ካንቶና ያደረጉትን ተመልከቱ። ካንቶና ቀይ ካርድ አይቶ ሲወጣ የሰደበውን ደጋፊ ዘሎ በእግሩ መታው። ስምንት ወር ታገደ። ብዙ ሰው "ይባረር" ይል ነበር። እሱም ተስፋ ቆርጦ እንግሊዝን ጥሎ ወደ ፓሪስ ሄደ። ፈርጉሰን ተከትለውት ፓሪስ ድረስ ሄዱ። ቁጭ ብለው አነጋገሩት። ተመለሰ። እገዳውን ጨርሶ በገባበት የመጀመሪያ ጨዋታ ሊቨርፑል ላይ ፍጹም ቅጣት ምት አስቆጠረ። በዚያው የውድድር ዘመን ማንቸስተር ዩናይትድ ሊጉንም ኤፍኤ ካፑንም ወሰደ። የኤፍኤ ካፑ ፍጻሜ ብቸኛ ጎልም የካንቶና ነበረች።

ጩኸቱን ያየነው ሁላችንም ነን። የፓሪሱን መንገድ ግን ማናችን ቀዳነው?

እኔ ጋ የሆነውን ልንገራችሁ። አንድ ሌሊት ክር ደጋግሞ እየተበጠሰ ሥራ ቆመብን። ማሽኑ ላይ የነበሩት እናቴ የሚሆኑ ሴት ናቸው። ሁልጊዜ "እትዬ" ነበር የምላቸው። ያን ሌሊት ግን ሰው ሁሉ እየሰማ "አንቺ! ዓይንሽ የት ነው ያለው?" አልኳቸው። ምንም አልመለሱልኝም። ሻሻቸውን አስተካክለው ሥራቸውን ቀጠሉ። እኔም ሥራ ያስያዝኩ መሰለኝ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ያው ማሽን ተሰበረ። መካኒኩ ከፍቶ ሲያየው ችግሩ ቀናት የቆየ ነው። "እትዬ፣ ድምፁ አልተለየብዎትም ነበር?" ብዬ ጠየቅኳቸው። "ተለይቶብኛል" አሉኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ሲሰሙት ነበር። "ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?" ስላቸው ቀና ብለው አዩኝና "ልጄ፣ ብነግርህ ትጮህብኛለህ ብዬ ነው" አሉኝ።

ያች ንግግር እስከዛሬ ከጆሮዬ አልወጣችም። ማሽኑ ለአራት ቀን ቆመ። ያቆመው ደግሞ የእኔ ጩኸት ነው። ሰው ሲፈራችሁ የሚሠራው ሥራ አይጨምርም፤ የሚነግራችሁ ነገር ነው የሚቀንሰው። መጥፎ ወሬ የሚደርሳችሁ መጨረሻ ላይ፣ ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ይሆናል።

የጮኽኩት ሰው ፊት ስለነበር ይቅርታ የጠየቅኳቸውም ሰው ፊት ነው። "አብሽር ልጄ" ብለው ትከሻዬን መታ አደረጉኝ። ይቅርታው በአንድ ደቂቃ አለቀ። እንደ ድሮው መጥተው "ይሄ ማሽን ዛሬ ደስ አላለኝም" እስኪሉኝ ድረስ ግን ወራት ፈጀ። ዛሬ መቆጣት ካለብኝ ሰውየውን ለብቻው እጠራዋለሁ። ያውም መጀመሪያ "ምን ሆነህ ነው?" ብዬ። አንዳንዴ መልሱን ስሰማ ቁጣው ራሱ አያስፈልግም።

ትንንሹን ነገር መናቅ

ጆን ውድን የሚባሉ አሜሪካዊ የቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ ነበሩ። በካሊፎርኒያ ዩሲኤልኤ የተባለውን ዩኒቨርሲቲ ቡድን ይዘው በ12 ዓመት ውስጥ 10 የአገር አቀፍ ዋንጫ ወስደዋል። ሰባቱ ተከታታይ ናቸው። እሳቸው ጋ የሚመጡት ልጆች በየትምህርት ቤታቸው ኮከብ የነበሩ ናቸው። በመጀመሪያው ልምምድ ቀን የሚያስተምሯቸው ምን መሰላችሁ? ካልሲ አጠላለቅ። ካልሲው ተጨማዶ ከገባ እግር ይልጣል። እግሩ የተላጠ ተጫዋች ልምምድ ያመልጠዋል። ልምምድ ያመለጠው ደግሞ ጨዋታ ላይ አይገኝም።

ይህን ሳነብ እኔ ጋ የሚመጡት ልጆች ትዝ አሉኝ። የታላቅ ወንድሙን ታኬታ አድርጎ የሚመጣ አለ። እንዳይሰፋው ጫፉ ላይ ጨርቅ ይጠቀጥቅበታል። በሃያኛው ደቂቃ ማነከስ ሲጀምር "ምነው ደከመህ?" እያልኩ እጮህበት ነበር። አሁን ከልምምድ በፊት አምስት ደቂቃ እግር እናያለን። ጫማ እንለዋወጣለን። ፋብሪካ ውስጥም ካልሲ አለ፤ የሺፍት ርክክብ ይባላል። የሚወጣውና የሚገባው ማሽኑ አጠገብ ቆመው ሁለት ደቂቃ ካላወሩ፣ የቀኑ ግማሽ ችግር ከዚያ ይጀምራል።

ውድን ስለ ትዕግሥትም ያስተምራሉ። ዩሲኤልኤን የያዙት በ1948 ነው። የመጀመሪያውን ትልቅ ዋንጫ ያነሱት በ1964። እኛ ሰው ቀጥረን በሦስተኛው ወር "አይሆንም" እንላለን።

የሰውን አሠራር እንዳለ መገልበጥ

የርገን ክሎፕ ሊቨርፑልን ሲያጫውት ኳስ ሲነጠቁ እዚያው ከፊት ተሯሩጠው እንዲነጥቁ ነበር የሚያደርገው። እኔም ልጆቼን እንዲህ አጫውታለሁ አልኩ። ኮምቦልቻ ላይ ሠራ። አራት ጨዋታ አሸነፍን። ከዚያ ለወዳጅነት ጨዋታ ወደ ደሴ ወጣን።

ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደሴ 2,500 አካባቢ። መካከላቸው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ግን የሐረጎን ዳገት ስትወጡ ጆሮ ድፍን ይላል፣ አየሩም ሌላ ነው። ልጆቼ ደሴ ሆጤ ሜዳ ላይ ለሃያ ደቂቃ እንደ ክሎፕ ልጆች ሮጡ። ከዚያ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ጦሳ ተራራ ሥር ያደጉት የደሴ ልጆች ገና መሞቃቸው ነበር። አራት ለባዶ ተሸነፍን። ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም። እኔ ነኝ የት እንደምንጫወት ሳላስብ የሄድኩት።

ሥራ ላይም እንዲሁ ነው። አዲስ አበባ ያለ መሥሪያ ቤት የሠራለት ደንብ እዚህ ላይሠራ ይችላል። የእኔ ሰዎች ግማሹ የጁምዓ ሶላት አለበት፣ ሌላው የሚያነግሠው ታቦት አለው፣ ሁሉም ለቅሶ ይደርሳል። ይህን የማያውቅ የሥራ ፕሮግራም ወረቀት ላይ ብቻ ያምራል።

በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉን ነገር መቀየር

ይሄ ለአዲስ ሹመኞች ነው። ዴቪድ ሞይስ በ2013 ፈርጉሰንን ሲተኩ የስድስት ዓመት ውል ነበር የተሰጣቸው። የተረከቡት የሊጉን ሻምፒዮን ነው። ቡድኑን ለዓመታት የሚያውቁት ረዳት አሰልጣኞች ወጡና የራሳቸውን ሰዎች አስገቡ። ዓመት ሳይሞላቸው በ2014 ሚያዝያ ተሰናበቱ። ቡድኑ ሰባተኛ ሆኖ ጨረሰ። ምክንያቱ ያ ብቻ ነው አልልም፤ ቡድኑም አርጅቶ ነበር። ሞይስም መጥፎ አሰልጣኝ አይደሉም፤ በ2023 ከዌስትሃም ጋር የአውሮፓ ኮንፈረንስ ሊግን አንስተዋል። ግን አዲስ ቤት ስትገቡ በሩ የት እንደሚጮህ የሚያውቁትን ሰዎች አታስወጡ። መጀመሪያ ጠይቋቸው።

ጎበዙን ሰው ይዞ ማስቀረት

ታላቅ አሰልጣኝ ሲባል እንግሊዝን ብቻ ማየት ራሱ ስህተት ነው። በ1962 ይድነቃቸው ተሰማ ያሰለጠኑት ብሔራዊ ቡድናችን በፍጻሜው ሁለት ጊዜ ተመርቶ፣ ሁለት ጊዜ አቻ አድርጎ፣ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ አንስቷል። እዚህ ላይ ግን ማንሳት የምፈልገው ሌላ ሰው ነው።

ስንታየሁ እሸቱ አርሲ ውስጥ በቆጂ በምትባል ትንሽ ከተማ የስፖርት መምህር ነበሩ። ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ በልጅነታቸው በሳቸው እጅ አልፈዋል። እስቲ አስቡት። በ2008 ቤይጂንግ ኦሎምፒክ ላይ ኢትዮጵያ አራት ወርቅ አገኘች። አራቱም የቀነኒሳና የጥሩነሽ ናቸው። ሁለቱም የተነሱት ከዚያው ሜዳ ነው።

እኔን የሚገርመኝ ግን ወርቁ አይደለም። ልጆቹ ሲጎለብቱ እሳቸው ጋ አለመቅረታቸው ነው። ወደ አዲስ አበባ ክለቦች ሄዱ። ሌሎች አሰልጣኞች ተረከቧቸው። ስንታየሁ ደግሞ ተመልሰው አዲስ ሕጻናት ሰብስበው እንደገና ሀ ብለው ጀመሩ። ይህን ማድረግ ለመሪ በጣም ከባድ ነገር ነው። ከባድ መሆኑን የማውቀው እኔ ስላቃተኝ ነው።

ሺፍቴ ውስጥ አንድ ወጣት መካኒክ ነበር። እጁ ወርቅ ነው። ማሽን ሲያዳምጥ ሐኪም ይመስላል። አለቆች ወደ ሌላ ክፍል በእድገት ሊወስዱት ፈልገው "እንዴት ነው?" ብለው ጠየቁኝ። እሱ ከሄደ ሌሊት ማን ሊጠግንልኝ ነው ብዬ ፈራሁ። "ትንሽ ይቀረዋል፣ ገና ነው" አልኩ። ዋሸሁ። ልጁ ሰማ። እንዴት እንደሰማ አላውቅም፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን ተደብቆ አይቀርም። ስድስት ወር ሳይሞላው ሥራውን ለቆ ሄደ። ሌሎቹም አዩ። ከዚያ በኋላ እኔ ጋ ጎበዝ መሆን ምን ይጠቅማል?

ያን ልጅ ደውዬ አናግሬዋለሁ። በትህትና አናገረኝ። ግን "ጋሼ" ይለኝ የነበረው "እርስዎ" አለኝ።

አምና ከማሰለጥናቸው ልጆች አንዱን የደሴ ፕሮጀክት ቡድን ፈለገው። የ14 ዓመት ልጅ ነው። ያለሱ ጎል እንደማናገባ አውቃለሁ። በዚህኛው አልተሳሳትኩም። እናቱ ቡና አፍልተው ዱዓ አደረጉለት። ቦርሳውን ይዤ አብሬው ሐረጎን ወጣሁ። ለአዲሱ አሰልጣኙ ግራ እግሩን ማሠራት እንዳለበት፣ ሲነቅፉት አንገቱን እንደሚደፋ፣ ቁርስ ሳይበላ እንደሚመጣ ነገርኩት። ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ከፍቶኝ ነበር። ደስም ብሎኝ ነበር።

ተሳሳትኩ አለማለት

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ፈርጉሰን በ2001 ተከላካያቸውን ያፕ ስታምን ለጣሊያኑ ላትሲዮ ሸጡ። በኋላ ስህተት መሆኑን በራሳቸው አፍ ተናገሩ። ክብራቸው አልቀነሰም። እኛ ሰፈር ግን "ተሳስቻለሁ" ያለ አለቃ የተዋረደ ይመስለዋል።

ተቀያሪውን መርሳት

በ1999 የሻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ ማንቸስተር ዩናይትድ በባየርን ሙኒክ 1 ለ 0 እየተመራ መደበኛው ሰዓት አለቀ። በጭማሪው ደቂቃ ቴዲ ሸሪንግሃም አገባ፣ ከዚያ ኦሌ ጉናር ሶልሻየር ደገመ። ሁለቱም ተቀያሪ ሆነው የገቡ ናቸው። ሶልሻየር ተቀያሪ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ዝም ብሎ አይቀመጥም ነበር። የተቃራኒ ተከላካዮችን ያጠናል። የት እንደሚቆሙ፣ መቼ እንደሚሳሳቱ።

ከኔ ልጆች መካከል ብዙም የማይሰለፍ አንድ አለ። ሁልጊዜ ቀድሞ ይመጣል፣ ኳሱን ይነፋል፣ ማሊያ ያድላል። ከዚያ ጥግ ይዞ ይቀመጣል። ለረጅም ጊዜ እኔም አላየሁትም። ባለፈው እሁድ ጨዋታው ሳይጀመር ጠራሁት። "ያንን ሁለት ቁጥር የለበሰውን ተከላካይ እየው። እረፍት ላይ ያየኸውን ትነግረኛለህ" አልኩት።

እረፍት ላይ ልጆቹ ውሃ እየጠጡ ሳለ እየሮጠ መጣ። "ኮች፣ ልጁ በግራ እግሩ አይመታም። ኳስ ሲደርሰው ሁሌ ወደ ቀኝ ነው የሚዞረው።"

እኔ አላየሁትም ነበር። "ለኔ አይደለም፣ ለነሱ ንገራቸው" አልኩትና ከመሃል ወጥቼ ቦታውን ለቀቅኩለት።