በዋስትና የተቀየረላችሁ ስልክ አዲስ ነው ወይስ የታደሰ?

አዳማ ላይ በዋስትና ያስቀየራችሁትን ስልክ ስትረከቡ፣ ሳትፈርሙ እዚያው ፈትሹት። አይፎን ከሆነ ሴቲንግስ፣ ጄኔራል፣ ከዚያ አባውት ግቡና የሞዴል ቁጥሩን የመጀመሪያ ፊደል እዩ፦ ኤም አዲስ ሆኖ የተሸጠ፣ ኤፍ ታድሶ የተሸጠ፣ ኤን በምትክነት የተሰጠ ነው። በኤ የሚጀምር ቁጥር ካሳያችሁ ንኩት፣ ይቀየራል።

ኤን ማለት ግን ውስጡ ሁሉ አዲስ ነው ማለት አይደለም። የአፕል ዋስትና እንደ አዲስ የሚሠሩ ያገለገሉ ክፍሎችን ስለሚፈቅድ፣ በዚህ መሟገት አያዋጣም። ይልቅ የምትኩ ዋስትና እስከ መቼ እንደሆነ ጠይቁ፤ አፕል የቀረውን ጊዜ ወይም 90 ቀን፣ ከሁለቱ የሚረዝመውን ይሰጣል።

ደግሞ *#06# ደውላችሁ የሚመጣውን አይኤምኢአይ (የስልኩን መለያ ቁጥር) መረከቢያ ወረቀቱ ላይ አስጽፉ፣ ይህን በፍጹም አትለፉት! የድሮው ካርቶን ቁጥር ከአዲሱ ጋር ስለማይገጥም፣ ኋላ ስትሸጡት ገዢው የተሰረቀ ሊመስለው ይችላል።