የመጀመሪያ ታቱ ልታሰሩ ነው? እነዚህን ስህተቶች አትስሩ

ታቱ ለማሰራት የወሰነ ሰው ሐሳቡ ሁሉ ስዕሉ ላይ ነው። ስልኩ በፎቶ ይሞላል፣ ጓደኞቹን "የቱ ያምራል?" እያለ ያስቸግራል። ጥሩ ነው፣ ስዕሉም ይታሰብበት። ግን ኋላ ላይ ብዙ ሰው የሚቆጨው በስዕሉ ሳይሆን ሳያጣራ በሄደበት ባለሙያ፣ ሳያዘጋጅ ባቀረበው ቆዳ፣ አፍሮ ባልጠየቀው ጥያቄ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ችኮላ ነው። ስዕል አይታችሁ በዚያው ሳምንት አትሂዱ። ለጥቂት ወራት አስቀምጡትና ተመልሳችሁ እዩት፤ ያኔም ከወደዳችሁት ቀጠሮ ያዙ። የፍቅረኛ ስም ከሆነማ ጨምራችሁ ቆዩ። "ካልተመቸኝ በሌዘር አስጠፋዋለሁ" የሚል ሰው አይጠፋም፣ ሆኖም ሌዘር በአንድ ቀን የሚያልቅ ነገር አይደለም። በሳምንታት ልዩነት ደጋግሞ መመላለስ አለው፣ ያማል፣ ብዙ ጊዜ ከማሰራቱ የበለጠ ገንዘብ ይጨርሳል፣ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ደግሞ ቦታውን ሊያነጣው ወይም ሊያጠቁረው ይችላል። አረንጓዴና ቢጫ ቀለም ከጥቁሩ ይልቅ ያስቸግራል።

ሁለተኛው፣ ለእኔ ከሁሉም የከፋው፣ ዋጋው ስለቀነሰ ብቻ ንጽሕናውን ሳያዩ መቀመጥ ነው። መርፌው ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ቆዳ ይገባል፤ ደም ይኖራል። ደም ባለበት ደግሞ ሄፓታይተስ ቢ፣ ሄፓታይተስ ሲና ኤችአይቪ ሊተላለፉ ይችላሉ። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ ለ7 ቀናት ሊቆይ ስለሚችል "ትናንት የተሰራበት ነው፣ ዛሬ ደርቋል" የሚባል ነገር አይሰራም። ክትባት አለው፣ ካልተከተባችሁ ሐኪም አማክሩ።

ስለዚህ ዓይናችሁን ክፈቱ። መርፌው ከእሽጉ የሚወጣው ፊታችሁ ነው ወይ? ቀለሙስ ከትልቁ ጠርሙስ ወደ ትንሽ የአንድ ጊዜ ዕቃ ይቀዳል ወይስ በቀጥታ ከጠርሙሱ ይጠቀሳል? የተረፈው ለቀጣዩ ሰው ተቀምጦ ካያችሁ ውጡ። ባለሙያው በጓንቱ ስልኩን አንስቶ ጓንቱን ሳይቀይር ወደ ቆዳችሁ ከተመለሰም እንዲሁ። ቀለም በቧንቧ ውሃ መቅጠን የለበትም፤ ለመጠጥ የሚሆን ውሃ ሁሉ ቆዳ ውስጥ ለመግባት አይሆንም። ተመልሰው ጥቅም ላይ የሚውሉ የብረት ዕቃዎች ካሉ በአልኮል ተጠርገው ብቻ መቅረብ የለባቸውም፣ አውቶክሌቭ በሚባለው ማሽን በከፍተኛ ሙቀት እንፋሎት መቀቀል አለባቸው። ይህን ሁሉ ጠይቁ። ሥራውን የሚያከብር ባለሙያ ደስ ብሎት ያሳያችኋል፣ በጥያቄያችሁ የሚቆጣ ደግሞ መልሱን ሰጥቷችኋል።

ትኩስ ፎቶ ብቻ አይቶ መወሰንም ያሳስታል። አሁን ተሰርቶ ያለቀ ታቱ ሁሉ ያምራል። ከዓመት በኋላ ምን እንደሚመስል የሚያሳይ ፎቶ ጠይቁ፣ ከተቻለ እንደ እናንተ ዓይነት የቆዳ ቀለም ባለው ሰው ላይ የተሰራ። ነጭና ቢጫ ጥቁር ቆዳ ላይ ብዙም አይታዩም፤ ጥቁር ቀለምና ደመቅ ያለ መስመር ግን ያምርበታል። መስመር በዓመታት ውስጥ ትንሽ ስለሚሰፋ፣ በጣም ጥቃቅን ፊደሎች ተደበላልቀው የማይነበቡ ይሆናሉ።

ከዚህ በፊት ቁስላችሁ አብጦ የቀረ፣ ማለትም ኬሎይድ የሚወጣባችሁ ከሆነ፣ መጀመሪያ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ስኳር ያለበት፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድም እንዲሁ፤ መድኃኒቱን ግን በራሳችሁ አታቋርጡ። እርጉዝ ከሆናችሁ ይቆይ። አለርጂ ካለባችሁ ቀይ ቀለምን ተጠንቀቁ፣ ከሌሎቹ በበለጠ ቆዳ የሚቆጣው በእሱ ነው።

ስቴንስሉን፣ ማለትም ቆዳ ላይ የሚታተመውን ንድፍ፣ ሳያጣሩ "ቀጥል" ማለት ሌላው ስህተት ነው። መርፌው ከመጀመሩ በፊት ባለሙያው ስዕሉን ከወረቀት ላይ ቆዳችሁ ላይ ያትመዋል። ይህን ጊዜ ቁሙ። ተኝታችሁ ቀጥ ያለው መስመር ስትቆሙ ሊጣመም ይችላል። ጽሑፍ ከሆነ በመስታወት አትመኑ፣ ይገለብጠዋል፤ ሌላ ሰው ፎቶ አንስቷችሁ ፊደል በፊደል አንብቡት። ባለሙያው ፊደላችንን የማያነብ ከሆነ ለእሱ ሁሉም ስዕል ነው፣ "ቡ"ን ከ"ቢ" የምትለየው ትንሿ ቅጥያ ወረድ ብትል ምንም አይመስለውም። ቦታው ካልጣማችሁ ይጠረግና እንደገና ይታተም። ሰው አስቸገርኩ ብላችሁ ዝም አትበሉ፣ ስዕሉ የሚኖረው እናንተ ላይ ነው።

በቀኑ ባዶ ሆድ አትሂዱ። ሰው ራሱን የሚስተው ብዙ ጊዜ ከሕመሙ ብቻ ሳይሆን ሳይበላ በመምጣቱም ነው። ከአንድ ቀን በፊት ጀምሮ አልኮል ይቅር፤ ድፍረት ይሰጣል ብላችሁ ትንሽም አትቅመሱ። በፀሐይ የተቃጠለ ቆዳ ላይ አይሰራም። ማደንዘዣ ክሬም ካሰባችሁ ባለሙያውን ሳትነግሩ ቀብታችሁ አትምጡ፣ አንዳንዱ ክሬም ውስጥ ያለው የማደንዘዣ መጠን ከልክ ያለፈ ስለሆነ አደገኛ ነው። ሕመሙን ከፈራችሁ ለመጀመሪያ ጊዜ የጎድን አጥንትንና የእግር ጫማ አካባቢን ተዉት፣ የላይኛው ክንድ ውጪው በኩል ይሻላል። ልብሳችሁ ሰፋ ያለና ቢቆሽሽ የማይቆጫችሁ ይሁን።

ከቀጠሮው በኋላ ያለውን ጊዜ አለማሰብም አለ። ላዩ እስኪድን ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይወስዳል፤ በዚያ ጊዜ ዋና፣ ገንዳ ውስጥ መዘፍዘፍና ቀጥተኛ ፀሐይ የለም፣ ስለዚህ ከባሕር ዳርቻ ሽርሽር በፊት ባለው ሳምንት ቀጠሮ አትያዙ። ሽታ በሌለው ሳሙና በስሱ እጠቡት፣ ቅባቱን አታብዙ፣ ሲያሳክካችሁ አትፋቁት። መጀመሪያ ላይ መቅላትና ትንሽ ማበጥ ያለ ነው። መቅላቱ እየሰፋ ከሄደ፣ መግል ከያዘ ወይም ትኩሳት ከተሰማችሁ ግን ነቃሹን በስልክ እየጠየቃችሁ አትቆዩ፣ በቀጥታ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።