ተርቦና ኢንጀክተር ሲጣጣሙ

መኪናው የ1999 ማዝዳ ሚያታ ነው፤ 1.8 ሊትር፣ ጂቲ2860አርኤስ ተርቦ (ለሞተሩ ተጨማሪ አየር የሚገፋ መሣሪያ) ያለው። የምፈልገው 200 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበር። ተርቦው ግን በደቂቃ ከ4,000 የሞተር ዙር በታች አይነቃም። ሲነቃ ደግሞ ዋይድባንዱ (የአየርና የቤንዚን ጥምርታ መለኪያው) 11.8 ማሳየት ሲገባው 13.5 ይላል፣ ማለትም ቤንዚን ያንሰዋል፤ ሞተሩም መንኳኳት ይጀምራል።

ካንዴላ ቀየርኩ። የቤንዚን ፓምፑን በትልቅ ተካሁ። ጠብ የሚል ነገር ጠፋ።

ነገሩ የተገለጠልኝ የኢሲዩውን (የሞተሩን መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር) ሎግ፣ ማለትም መዝገብ፣ ስከፍት ነው። ቤንዚን የሚረጩት ኢንጀክተሮች ከ6,000 ዙር ጀምሮ 100 ፐርሰንት ክፍት ናቸው! ታዲያ ፓምፑ ምን ያድርግ? ሂሳቡ ይኸው። የተርቦ ሞተር ለአንድ የፈረስ ጉልበት በሰዓት 0.6 ፓውንድ ገደማ ቤንዚን ይፈልጋል። ለ200 ሲሆን 120 ፓውንድ። ለ4ቱ ኢንጀክተሮች ሲካፈል 30፤ ኢንጀክተሩ ክፍት የሚሆንበት ጊዜ ከ80 ፐርሰንት እንዳያልፍ ከተፈለገ 37.5። ይህ በደቂቃ 395 ሲሲ ያህል ነው። የፋብሪካው ኢንጀክተር ግን ከዚህ በጣም ያንሳል።

440 ሲሲ ኢንጀክተሮች ገጠምኩ። ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ወዲያው ተረበሸ። የአዲሱን ኢንጀክተር ዴድ ታይም (ትእዛዝ ደርሶት እስኪከፈት የሚዘገየውን ጊዜ) ከአምራቹ ሠንጠረዥ ወስጄ ኢሲዩው ላይ ስሞላ ረጋ። ይቺን እርምጃ እባካችሁ አትዝለሏት፤ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚንገላታው።

ተርቦውንም በአነስተኛው ጂቲ2554አር ቀየርኩት። አሁን 3,000 ዙር አካባቢ ይነሳል፣ ኢንጀክተሮቹም 72 ፐርሰንት ላይ ናቸው።