ትራስ ይዤ የገባሁበት መኪና፦ የውድድር ወንበር ለምትፈልጊ

የመጀመሪያዋ የውድድር መኪናዬ ውስጥ ስቀመጥ እግሬ ፍሬኑ ላይ በቅጡ አልደረሰም። ከእኔ በፊት የነዳት ሰው በአንድ ራስ ይበልጠኛል። ወንበሩ ደግሞ በብሎን የታሰረ ነው፤ እንደ ቤት መኪና ወደፊት ሳብ አይደረግም። አንዱ መካኒክ ራሱን አከክ አከክ አደረገና የሚያሸልብበትን ትራስ አምጥቶ ከጀርባዬ ወተፈልኝ። ግማሽ ቀን በትራስ ነዳሁ። መኪናዋን ከሚጋራኝ ልጅ በዙር 2 ሰከንድ ቀረሁ። ማታ ስብሰባ ላይ "ፍሬን ላይ ትፈራለች" ተባለ። እኔም አምኜ ተኛሁ።

ሳምንት ቆይቶ መሐንዲሱ የሁለታችንን የፍሬን ግራፍ ኮምፒውተር ላይ ደራርቦ አሳየኝ። ፍሬን የምይዘው ልክ እሱ በሚይዝበት ቦታ ላይ ነው። ፈርቼ ቢሆን ኖሮ ቀድሜ እይዝ ነበር። ልዩነቱ ግፊቱ ላይ ነው። የእሱ መስመር ሽቅብ ተተኩሶ ይወጣል፤ የእኔ እየተንፏቀቀ ወጥቶ የእሱ ሁለት ሦስተኛ ላይ ይቆማል። በረገጥኩ ቁጥር ጀርባዬ ትራሱን እየጨመቀ ወደኋላ ይሄድ ነበር። ጉልበቴን ትራሱ በላው።

ለዚህ ነው እንዴት ልጀምር ብለው ለሚጠይቁኝ ሴቶች ስለ ሞተር ሳይሆን ስለ ወንበር የማወራው።

በረጅም ሰዓት ውድድር አንድ መኪና ለሁለት ወይም ለሦስት ሰው ነው። ወንበሩ ብዙውን ጊዜ በረጅሙ ሰው ልክ ይገጠማል። አጠር ያለው የራሱን የወንበር ሙሌት ያሠራል። አሠራሩ ከባድ አይደለም። ሁለት ፈሳሽ ይቀላቀልና ትልቅ ፌስታል ውስጥ ፈስሶ ወንበሩ ላይ ይደረጋል። አንቺ ልክ እንደምትነጂው ሆነሽ፣ መሪውን ይዘሽ፣ እግርሽን ፔዳሉ ላይ አድርገሽ ትቀመጪበታለሽ። ፈሳሹ አረፋ ሆኖ ያብጥና ወገብሽንና ዳሌሽን ይይዛል። ይሞቃል፤ አትደንግጪ። እስኪጠነክር አትንቀሳቀሺ፣ ስልክሽ ቢጠራም ይጥራ። ከዚያ ጠርዙ ይከረከምና እሳት የሚቋቋም ጨርቅ ይለብሳል። ከላይ መያዣ አሰፊለት። ሹፌር ሲለወጥ እሱን መንጭቀሽ ነው የምትወጪው፤ መያዣ ከሌለው ሰከንዶች ይባክናሉ።

ልኩን በሁለት ነገር አረጋግጪ። ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ረግጠሽው ጉልበትሽ ትንሽ እንደታጠፈ መቅረት አለበት። ትከሻሽ ከወንበሩ ሳይላቀቅ ደግሞ የእጅ አንጓሽ የመሪው አናት ላይ ማረፍ አለበት። ካልሆነ ፔዳሉ እንዲቀርብልሽ ጠይቂ። ብዙ የጂቲ3 መኪናዎች ላይ (ከመንገድ ስፖርት መኪና ተነስተው ለውድድር የተሠሩ ናቸው) ፔዳሉም መሪውም ይስተካከላል። ሥራውን ከሙከራው ቀን በፊት አስጨርሺ፤ በሙከራው ቀን ማንም ጊዜ የለውም።

ስለ ልብስም በዚያው ልናገር፣ ወንዶቹ ስለማይነግሩሽ። ቱታው ብዙ ጊዜ የተቆረጠው ለወንድ ቁመና ነው። ትከሻው ሲሰፋ ዳሌው ይጠባል። ከቻልሽ በልክሽ አሠሪ፤ የፊያን፣ የዓለም አቀፉን የሞተር ስፖርት ፌዴሬሽን፣ 8856 የእሳት መከላከያ ደረጃ ማሟላቱን ደግሞ መለያው ላይ እዪ። ከሥር እሳት የሚቋቋም የውስጥ ልብስ ልበሺ። ብረት ወይም ፕላስቲክ ማያያዣ ያለው ጡት መያዣ አታድርጊ፤ ቀበቶው ሲጠብቅ አጥንትሽ ውስጥ ይገባል፣ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ደግሞ በእሳት ይቀልጣል። ጸጉርሽን አናትሽ ላይ አትጠቅልዪው። ሄልሜቱን ከፍ ያደርገውና ማየት የምትችዪው ግማሹን ይሆናል። ዝቅ አድርገሽ ጎንጉነሽ ቱታው ውስጥ ክተቺው። መጸዳጃ ቤት ደግሞ ከሌሎቹ አሥር ደቂቃ ቀድመሽ ሂጂ። ቱታን እስከ ጉልበት አውርዶ መልሶ መልበስ እንደቀልድ የሚታይ ነገር አይደለም።

"ለምን ስፖርት መኪና? ለምን ፎርሙላ አይሆንም?" የሚል ጥያቄ ይመጣል። ፎርሙላ፣ ማለትም ባለ አንድ ወንበር፣ ጎማው ያልተሸፈነ የውድድር መኪና፣ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ግን ከልጅነት ጀምሮ ካርት፣ ትንሿን የውድድር መኪና፣ የነዱ ልጆች ሜዳ ነው። ፎርሙላ 2 እና ፎርሙላ 3 ላይ የመሪ ማገዣ የለም፤ መሪው በክንድ ጉልበት ነው የሚዞረው። የጂቲ መኪና ማገዣ አለው። ጂቲ3 ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርግ ኤቢኤስም አለው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዘግይተሽ ብትጀምሪም ቦታ አለሽ። ፊያ አሽከርካሪዎችን ፕላቲነም፣ ጎልድ፣ ሲልቨር እና ብሮንዝ ብሎ ይመድባል። የውድድር ፈቃድ 30 ዓመት ሞልቶሽ ወይም ከዚያ በኋላ ያወጣሽና ብዙ ልምድ የሌለሽ ከሆነ መነሻሽ ብሮንዝ ነው። በዓለም የረጅም ሰዓት ውድድር ሻምፒዮና ደግሞ እያንዳንዱ የጂቲ3 መኪና ብሮንዝ አሽከርካሪ መያዝ ግዴታው ነው። ፈጣን ብሮንዝ ማለት ቡድኖች በባትሪ የሚፈልጓት ሰው ናት። ቤልጅየማዊቷ ሳራ ቦቪ በ2022 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ጣሊያን ሞንዛ ላይ በምድቧ ቀዳሚ ሆና ስትሰለፍ በዚህ ሻምፒዮና ፖል ፖዚሽን የያዘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በ2023 ባህሬን ላይ ደግሞ ከሚሼል ጋቲንግና ከራሄል ፍሬይ ጋር ምድባቸውን አሸነፉ። ሦስቱም ሴቶች የሆኑበት መኪና በዚህ ሻምፒዮና ሲያሸንፍ ያ የመጀመሪያው ነው።

አንድ ሰው "ይሄ የሴት ነገር አሁን የመጣ ፋሽን ነው" ካለሽ፣ ኦዴት ሲኮና ማርጌሪት ማርዩስ በ1930 በፈረንሳዩ የ24 ሰዓት ውድድር፣ ለ ማን ላይ፣ በቡጋቲ ሰባተኛ ሆነው ጨርሰዋል በዪው። ሲኮ ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሳ በአልፋ ሮሜዮ ከአጠቃላዩ አራተኛ ወጣች።

ፈቃዱ ላይ ብዙ አልቆይም። የአገርሽ የሞተር ስፖርት ማኅበር ነው የሚሰጠው። የሐኪም ምርመራ፣ አጭር ኮርስና ፈተና አለው። የሚከብደው ከትራኩ ዳር ምልክት የሚሰጥበትን ባንዲራ ማወቅ ሳይሆን በ200 ኪሎ ሜትር ላይ እያለሽ ማየቱ ነው። ሰማያዊውን በተለይ ልመጂ፤ ከኋላሽ ፈጣን መኪና እየመጣ ነው ማለት ነው። የተለያየ ፍጥነት ያላቸው ምድቦች አብረው ስለሚሮጡ፣ ያ ፈጣን መኪና የሚፈልገው መስመርሽን ሳትቀይሪ እንድትነጂ ነው፤ የሚያልፍሽ እሱ ነው። ደንግጠሽ ቦታ ልልቀቅ ካልሽ ነው ግጭት የሚመጣው።

ልምምዱን በኪራይ ካርትና በሲሙሌተር ጀምሪ። ሲሙሌተር የልጅ ጨዋታ ነው የሚሉሽን አትስሚ። ያን ማርደንቦሮ በ2011 የኮምፒውተር ጌም ውድድር አሸንፎ ነው የገባው፤ በ2013 ለ ማን ላይ በምድቡ ሦስተኛ ሆኖ ጨርሷል። ግን ዝም ብለሽ ዙር አትቁጠሪ። አንድ ኩርባ ምረጪና ፍሬን አለቃቀቅ ላይ ሥሪ። ፍሬን ስትይዢ ክብደቱ ወደ ፊት ጎማዎች ይሄዳል፤ ጎማው መሬቱን ይነክሳል። በአንዴ ከለቀቅሽው ክብደቱ ወደኋላ ይመለስና መኪናው አልታጠፍም ይልሻል። መሪውን እያዞርሽ፣ ፍሬኑን በዚያው ልክ ቀስ እያደረግሽ ልቀቂ። ጀማሪ ሁሉ ፍሬን ዘግይቶ መያዝ ላይ ነው የሚጨነቀው። ሰዓቱ ያለው አለቃቀቁ ላይ ነው።

ከመኪና ስትወርጂ "ጥሩ ነው" ወይም "አስቸጋሪ ነው" አትበዪ። መሐንዲሱ በዚህ ምንም አይሠራም። የትኛው ኩርባ ላይ፣ ሲገባ ነው፣ መሐሉ ላይ ነው ወይስ ሲወጣ፣ የሚንሸራተተው ከፊት ነው ከኋላ፣ ይህን ንገሪው። ሌሎቹ ሳያወሩሽ በፊት የተሰማሽን ማስታወሻ ላይ ጻፊ። እኔ አንድ ሰሞን የሌላውን ሰው አስተያየት እየሰማሁ የራሴን እቀይር ነበር። ኋላ ዳታው ሲወጣ ትክክል የነበርኩት እኔ ሆኜ ተገኘሁ፣ ግን ቀድሜ አልተናገርኩማ!

የወንበር ሙሌቴ ከተሠራ በኋላ ከ2 ሰከንዱ አብዛኛው በአንድ ቀን ጠፋ። የቀረው የእግሬ ጉልበት ነበር፤ እሱ ጂም ውስጥ ወራት ፈጀ። እግር፣ አንገት፣ መሐል አካል፣ በዚህ ቅደም ተከተል ሥሪ። ለአንገትሽ ግንባርሽን በእጅሽ እየገፋሽ ሳይንቀሳቀስ መያዝ በቂ መነሻ ነው። ሙቀቱንም ተዘጋጂበት። ዝግ መኪና ውስጥ 50 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል፣ አንቺ ደግሞ ሦስት ድርብ ልብስ ለብሰሻል። ለ ማን ላይ አንድ አሽከርካሪ በ6 ሰዓት ውስጥ ከ4 ሰዓት በላይ አይነዳም፤ 4 ሰዓቱ ግን ራሱ ረጅም ነው። ውሃ ከዋዜማው ጀምሮ ጠጪ።

አሁን ወደ ገንዘብ። ፈጣን ሆነው ሳለ ከመንገድ የቀሩት ብዙዎቹ የቀሩት እዚህ ነው። በታችኛው እርከን ደመወዝ የለም፤ ወንበሩን የምትገዢው አንቺ ነሽ። ውል ከመፈረምሽ በፊት እነዚህን በጽሑፍ አስመልሺ፦ ስንት አዲስ ጎማ አለኝ? የሙከራ ቀናት ተካተዋል? ዳታውን ይዤ መሄድ እችላለሁ? ከሁሉ በፊት ደግሞ መኪናው ቢጎዳ ስንት ድረስ ነው የእኔ ዕዳ? የመጀመሪያው ቡድኔ ውል ላይ ጣሪያ አልነበረም። እኔም አላነበብኩትም፣ ደስታው አሳወረኝ። ሦስተኛው ውድድር ላይ ጠጠር ውስጥ ገባሁና ከግንብ ተላተምኩ። ደረሰኙ ሲመጣ የዓመቱ ውድድሬ እዚያው ላይ አለቀ። ሰውነቴ ላይ አንድ ጭረት የለም፤ ኪሴ ግን ሁለት ዓመት አነከሰ።

ስፖንሰር ጋ ስትሄጂ እርዳታ እንደምትጠይቂ አትሁኚ። ደንበኞቹን ፒት ውስጥ፣ መኪናዎቹ በውድድር መሐል የሚሠሩበት ቦታ፣ ልታስገቢለት፣ ከአሽከርካሪ ጎን አስቀምጠሽ ልታስዞሪለት፣ ለሠራተኞቹ ልትናገሪለት ትችያለሽ። እነዚህን ነው የሚገዛው። "ሴት ነኝ" ማለት የመጀመሪያውን ቀጠሮ ያስገኛል። ሁለተኛው ዓመት ላይ የሚጠየቀው የዙር ሰዓት ነው።

ለሴቶች የተዘጋጁ ፕሮግራሞች አሉ፤ ተመዝገቢ። በፊያ የልጃገረዶች ፕሮግራም የመጀመሪያዋ አሸናፊ ማያ ዌውግ ወደ ፌራሪ አካዳሚ ገብታለች። ግን ሁሉንም እንቁላል አንድ ቅርጫት ውስጥ አትክተቺ። የሴቶች ብቻ የሆነው የፎርሙላ ውድድር፣ ደብሊው ሲሪስ፣ በ2019 ሲጀመር ብዙዎቻችን መንገዱ ተገኘ ብለን ነበር፤ በ2022 ገንዘብ አጥቶ ዓመቱን እንኳ ሳይጨርስ ቆመ። ሦስቱንም ሻምፒዮና የወሰደችው ጄሚ ቻድዊክ ግን በእሱ ብቻ አልተንጠለጠለችም። ገና በ17 ዓመቷ፣ በ2015፣ የብሪታንያ ጂቲን የጂቲ4 (ከጂቲ3 አንድ እርከን ዝ​ቅ ያለው ምድብ) ሻምፒዮና ወስዳ ነበር።

የእኔ ምርጫም ጂቲ4 ነው። ለሁለት ሰው በሚካፈል መኪና ጀምሪ። ወጪውን ለሁለት ትካፈላላችሁ፣ አጠገብሽ ራስሽን የምታወዳድሪበት ዳታ አለ። አብሮሽ የሚነዳው ከአንቺ ትንሽ ፈጠን ያለና ግራፉን የማይደብቅ ቢሆን ጥሩ ነው።

መሐል ላይ ገንዘብ ሲያልቅ ከትራኩ አትራቂ። እኔ በእነዚያ ሁለት ዓመታት አሠልጣኝ ሆኜ ከሌሎች ሰዎች ጎን ተቀምጬ ነው ያሳለፍኩት። ያስፈራል፣ አልዋሽሽም። ግን የሰው ስህተት እያየሁ የራሴን አወቅሁ፣ የቡድን አለቆችም ስሜን አልረሱትም። በጀርመኑ ኑርበርግሪንግ ትራክ የሚካሄደውን የ24 ሰዓት ውድድር በ1996 እና በ1997 ያሸነፈችው ሳቢን ሽሚትስም በዚያው ትራክ ላይ ተሳፋሪ በቢኤምደብሊው ይዛ ትዞር ነበር።

የሙከራው ቀን ሲያልቅ ሳትታጠቢ በፊት የዳታውን ፋይል በፍላሽ ተቀበዪ፤ ነገ እንልክልሻለን ከተባለ አይመጣም። የወንበር ሙሌትሽንም ይዘሽ ሂጂ። እኔ አንዴ ረስቼው ሄጄ፣ ስመለስ ሌላ ሰው በልኩ ከርክሞት አገኘሁት። አሁን በትልቅ ማርከር ስሜን ጽፌበታለሁ፣ በሁለቱም በኩል።