ያለ ኢንተርኔት ለሚሠራ ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት አስተዋጽኦ ሲያደርጉ የሚያጋጥሙ ችግሮች፦ ምልክት፣ ምክንያት፣ መፍትሔ

ኪዊክስ እ.ኤ.አ. በ2007 ሲጀመር የተነሣበት ሐሳብ ግልጽ ነበር፤ ውክፔዲያን የሚያህል ክምችት በአንድ ፋይል ጠቅልሎ ኢንተርኔት በሌለበት ሁሉ እንዲነበብ ማድረግ። ዛሬ በዚህ ሐሳብ ዙሪያ በርካታ ፕሮጀክቶች አሉ። ኢንተርኔት-ኢን-ኤ-ቦክስ ኪዊክስንና ሌሎች መተግበሪያዎችን አጣምሮ እንደ ራስበሪ ፓይ ባለ ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ይጭናል። የሁለቱም ኮድ ክፍት ነው፤ ማንም ሰው አንብቦ፣ አርሞ መልሶ መላክ ይችላል።

አዲስ ገቢዎች ጀምረው የሚተዉት ኮድ መጻፍ አቅቷቸው እንደሆነ ብዙ ጊዜ ይነገራል። እኔ ያየሁት ግን ሌላ ነው። ስህተቱ በየትኛው ክፍል እንዳለ ሳይለዩ ማረም ይጀምራሉ። እኔ ራሴ በአንድ የአማርኛ ፋይል ውስጥ ፍለጋ ምንም ውጤት አልሰጥ ሲለኝ ለሦስት ሳምንታት ያህል የሰርቨሩን ኮድ ስመረምር ቆይቻለሁ። ሰርቨሩ አንዳች ጉድለት አልነበረበትም። ፋይሉ ሲዘጋጅ የሙሉ ጽሑፍ ማውጫ፣ ማለትም ፍለጋው የሚመለከተው የቃላት ዝርዝር፣ ጨርሶ አልተሠራለትም ነበር። ስለዚህ ከሁሉም በፊት የሚከተለውን ክፍል ያንብቡ።

ስህተቱ የት ነው?

ይዘቱ የሚቀመጠው «ዚም» በተባለ የፋይል ዓይነት ነው። ፋይሉን የሚያዘጋጅ መሣሪያ አለ፤ የሚያነብ ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት የኮድ ክምችት) አለ፣ ስሙም ሊብዚም ይባላል፤ በዚያ ላይ የተገነባው ሊብኪዊክስ አለ፤ በመጨረሻም ተጠቃሚው የሚያስነሣው ኪዊክስ-ሰርቭ አለ። እያንዳንዱ ክፍል የየራሱ ሪፖዚተሪ (የኮድ ማከማቻ) አለው። ብዙዎችን የሚያሳስተው ነገር ይህ ነው፦ ኪዊክስ-ሰርቭ የሚገኘው ኪዊክስ-ቱልስ በተባለው ሪፖዚተሪ ውስጥ ቢሆንም እዚያ ያለው ትእዛዙን ተቀብሎ ሥራውን የሚያስተላልፍ ቀጭን ኮድ ብቻ ነው። ገጹን የሚያሳየው፣ ጥያቄውን የሚያስተናግደው፣ የፍለጋ ሣጥኑን የሚሠራው ኮድ ያለው በሊብኪዊክስ ውስጥ ነው። የችግር ሪፖርትዎ «ቦታው እዚህ አይደለም» ተብሎ ቢመለስ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ለመለየት ኮድ ማንበብ አያስፈልግም። ያንኑ ፋይል በኮምፒውተር ላይ በሚጫነው የኪዊክስ ማንበቢያ ይክፈቱ። ስህተቱ እዚያም ከታየ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የፋይሉ ወይም የሊብዚም ነው። እዚያ ካልታየ በዚያው ሰርቨር ላይ ሌላ ፋይል ይሞክሩ። ሌላው ፋይል በትክክል ከሠራ ዓይንዎን ወደ መጀመሪያው ፋይል ይመልሱ። ሰርቨሩ በተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ሁሉም ደህና ሆኖ ከስልክ ብቻ የማይከፈት ከሆነ ጉዳዩ የኔትወርክ ነው። በአንድ የድረ ገጽ ማሰሻ ብቻ የሚታይ ከሆነ ደግሞ ሊብኪዊክስ ውስጥ ያለውን የገጽ ኮድ ይመልከቱ። ይህ ሙከራ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም፤ ውጤቱንም በሪፖርትዎ ላይ ሲጽፉት የፕሮጀክቱ ጠባቂዎች፣ ማለትም ኮዱን የሚያስተዳድሩት ሰዎች፣ ወዲያው ያምኑዎታል።

«ሊብዚም አልተገኘም» የሚል መልእክት፣ ሊብዚም ተጭኖ እያለ

ሊብኪዊክስን ለመገንባት ሜሶን የተባለውን የግንባታ መሣሪያ ሲያስነሡ ይህ መልእክት ከመጣ ምክንያቱ ከሦስቱ አንዱ ነው። አንደኛ፣ የተጫነው ማስኬጃው ብቻ ሲሆን ለግንባታ የሚያስፈልጉት የራስጌ ፋይሎች በሌላ ጥቅል ውስጥ ናቸው። ሁለተኛ፣ የሊኑክስ ስርጭትዎ ያቀረበው ሊብዚም ያረጀ ነው፤ አዲሱ ኮድ አዲስ እትም ይፈልጋል። ሦስተኛ፣ ሊብዚምን ራስዎ ገንብተው፣ የተጫኑ ላይብረሪዎችን የሚያፈላልገው ፒኬጂ-ኮንፊግ በማይፈልግበት አቃፊ ውስጥ ጭነውታል። በዴቢያን ቤተሰብና በፌዶራ ቤተሰብ ስርጭቶች መካከል ላይብረሪዎች የሚቀመጡበት አቃፊ ስለሚለያይ ከአንዱ የተቀዳ መመሪያ በሌላው ላይ ይከሽፋል።

ለሦስተኛው መፍትሔው የፒኬጂ-ኮንፊግን የፍለጋ መንገድ ማመልከት ነው። ግንባታው አልቆ ፕሮግራሙ ሲነሣ «የጋራ ላይብረሪ መጫን አልተቻለም» ካለ ደግሞ የላይብረሪዎችን ዝርዝር የሚያድሰውን ኤልዲ-ኮንፊግን በአስተዳዳሪ ፈቃድ ማስኬድ ይበቃል። ይህ ሁሉ አድካሚ ከሆነብዎ ኪዊክስ-ቢልድ የተባለው መሣሪያ ጥገኛ የሆኑትን ላይብረሪዎች ሁሉ አውርዶ በቅደም ተከተል ይገነባል። ጊዜና ዲስክ ይወስዳል፤ ቢሆንም ለጀማሪ የምመክረው ይህንኑ ነው።

አንድ መስመር ብቻ ቀይሬ ያልነካሁት ሙከራ ወደቀ

የገጹን ቀለም የሚወስን አንድ መስመር ለውጠዋል። ኮዱን በራሳቸው የሚፈትሹትን ሙከራዎች ሲያስኬዱ የሰርቨሩ ሙከራ ቀይ ይሆናል፤ የወደቀውም ስለ ቀለም ምንም የማያውቅ ሙከራ ነው። የተበላሸ ነገር የለም። የማሰሻው ማከማቻ አሮጌውን ፋይል ይዞ እንዳይቀር ሰርቨሩ እያንዳንዱን የገጽ ፋይል የሚጠራው ከይዘቱ ከተሰላ መለያ ጋር ነው። ይዘቱ ሲለወጥ መለያውም ይለወጣል፤ ሙከራው ግን አሮጌውን መለያ ይጠብቃል። በሙከራ ኮዱ ውስጥ ያሉትን የሚጠበቁ መለያዎች በአዲሶቹ ይተኩና ከለውጥዎ ጋር በአንድ ኮሚት (የለውጥ መዝገብ) ይላኩ። ይህን ያላወቁ ሰዎች ጥሩ ሥራቸውን ሲጥሉ አይቻለሁ፤ ያሳዝናል።

ትልቁ ፋይል አይገለበጥም፤ ወይም ተገልብጦ አይከፈትም

እንግሊዝኛው ውክፔዲያ ከነሥዕሎቹ ከ100 ጊጋ ባይት በላይ ነው። ግልበጣው 4 ጊጋ ባይት ላይ ሲደርስ ከቆመ ፍላሹ ወይም ካርዱ በፋት32 የተሰናዳ ነው፤ ፋት32 ከዚያ የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ካርዱን በኤክስፋት ወይም በኤክስት4 ያሰናዱት። ይህ የማይቻል ከሆነ ዚምስፕሊት ፋይሉን ይከፋፍለዋል፤ አንባቢው ቁርጥራጮቹን እንደ አንድ ያነባቸዋል።

ተገልብጦ አንዳንድ ጽሑፎች ብቻ የማይከፈቱ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። በዚም ውስጥ ጽሑፎች በቡድን በቡድን ተጨምቀው ስለሚቀመጡ ጥቂት ባይቶች ቢበላሹ የዚያ ቡድን ጽሑፎች ብቻ ይጠፋሉ፤ ሌላው ጤነኛ ይመስላል። ዚምቼክን ያስኪዱ፤ በፋይሉ መጨረሻ ከተቀመጠው የኤም ዲ 5 ማረጋገጫ ጋር አስተያይቶ ይነግርዎታል። ማረጋገጫው ካልገጠመ የችግር ሪፖርት አይክፈቱ። ካርዱ የተጻፈበትን ያህል የማይይዝ የሐሰት ካርድ ሊሆን ስለሚችል ኤፍ3 በተባለው መሣሪያ ይፈትሹት። ራስበሪ ፓይ ከሆነ የኤሌክትሪክ አቅርቦቱንም ይመልከቱ፤ ቮልቴጁ ከ4.63 ገደማ በታች ሲወርድ ኮምፒውተሩ ማስጠንቀቂያ ይመዘግባል። ደካማ ገመድ ያበላሸውን ፋይል ለማረም ኮድ ሲጽፍ የከረመ ሰው ጊዜው ይቆጨዋል።

ሰርቨሩ አልነሣም ይላል፤ ወይም ተነሥቶ ስልኮች አያገኙትም

ኪዊክስ-ሰርቭ በነባሪ የሚጠቀመው በር (ፖርት) 80ን ነው። በሊኑክስ ላይ ከ1024 በታች ያሉ በሮች በተለምዶ የአስተዳዳሪ ፈቃድ ይፈልጋሉ። ለሙከራ 8080ን ይምረጡ፤ ሰርቨሩን በአስተዳዳሪ ስም የማስነሣት ልማድ አይልመዱ።

ስልኮች ካላገኙት ወደ ኮዱ ከመሄድዎ በፊት ስልኩን ይመርምሩ። ዘመናዊ ስልክ ከዋይፋይ ጋር እንደተገናኘ ኢንተርኔት መኖሩን ይሞክራል፤ ካጣ በዝምታ ወደ ሞባይል ዳታ ይመለሳል። ዳታውን ያጥፉት። በአንድሮይድ ላይ የግል ዲኤንኤስ (ስምን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይር አገልግሎት) ተመርጦ ከሆነ ስልኩ የሰርቨርዎን ስም የሚጠይቀው ሊደርስበት ከማይችል ሩቅ ሰርቨር ነው፤ እሱንም ይዝጉት ወይም በስም ፋንታ የቁጥር አድራሻውን ይጻፉ። ኢንተርኔት-ኢን-ኤ-ቦክስ በነባሪ 10.10.10.10ን ይጠቀማል። ማሰሻው አድራሻውን በራሱ ወደተመሰጠረው የኤች ቲ ቲ ፒ ኤስ መስመር የሚቀይር ከሆነ ኤች ቲ ቲ ፒ ብለው ሙሉውን ይጻፉ።

አዲስ መጽሐፍ ጨምሬ በመጀመሪያው ገጽ ላይ አይታይም

ሰርቨሩ የመጻሕፍቱን፣ ማለትም የዚም ፋይሎቹን፣ ዝርዝር ያነበበው ሲነሣ ነው። እንደገና ያስነሡት፤ ወይም ዝርዝሩ ሲለወጥ ራሱ እንዲያነብ «ሞኒተር ላይብረሪ» የተባለውን አማራጭ ይስጡት። በፋይሉ ስም ውስጥ ዓመትና ወር ስላለ ፋይሉን ሲያድሱ የአንባቢዎች የተቀመጡ አድራሻዎች ይሰበራሉ፤ «ኖ ዴት አሊያስስ» የሚባለው አማራጭ ቀኑን የጣለ ተለዋጭ አድራሻ ይሰጣል።

አማርኛው ይታያል፤ ፍለጋው ግን አያገኘውም

ለአማርኛ አንባቢ ከሁሉም የሚበልጠው ሥራ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አደርገዋለሁ።

መጀመሪያ ቀላሉን ያስወግዱ። ፊደላቱ ባዶ ሣጥን ሆነው ከታዩ በመሣሪያው ላይ የግዕዝ ፊደል ቅርጽ የለም፤ እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ያለ በነጻ ፈቃድ የሚሰራጭ ፎንት ይጫኑ ወይም ፋይሉ ሲዘጋጅ አብሮ እንዲካተት ያድርጉ። መጽሐፉ በቋንቋ ማጣሪያው ውስጥ ካልተገኘ የቋንቋው መለያ ተሳስቷል፤ ዚም የሚፈልገው ባለ ሦስት ሆሄውን «ኤ፣ ኤም፣ ኤች» ሲሆን ብዙዎች «ኤ፣ ኤም» ብለው ይተዉታል። ርእሱ ተቀባይነት ካጣ ርዝመቱን ይቁጠሩ። ለርእስ 30፣ ለመግለጫ 80 ፊደል ነው የተፈቀደው። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩ ቲ ኤፍ-8 ሦስት ባይት ስለሚወስድ በባይት የሚቆጥር መሣሪያ ካጋጠመዎ እሱ ራሱ ሊታረም የሚገባው ስህተት ነው።

ከባዱ የሞክሼ ፊደላት ነገር ነው። ጽሑፉ «ፀሐይ» ይላል፤ አንባቢው «ጸሀይ» ብሎ ይፈልጋል፤ ውጤቱ ባዶ ይሆናል። ሊብዚም ቃላትን ለማውጫው ሲያሰናዳ ትልልቅ የላቲን ሆሄያትን ወደ ትንንሽ ይለውጣል፣ በላያቸው ያሉ ምልክቶችን ያነሣል፤ ስለዚህ ፈረንሳይኛ ፈላጊ ምልክቱን ቢተወውም ቃሉን ያገኘዋል። ሀ፣ ሐ እና ኀ ግን በዩኒኮድ ሦስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ ያ ሂደት አያቀራርባቸውም። ዛፒያን የተባለው የፍለጋ ሞተር የቃላትን ሥር የሚያወጣባቸው የቋንቋ ደንቦችም አማርኛን አይጨምሩም፤ «መጽሐፍ» የፈለገ ሰው «መጻሕፍት» የሚለውን አያገኝም።

ብዙ ሰው ወዲያው የሚያስበው መፍትሔ ሞክሼዎቹን በሙሉ ወደ አንድ መመለስ ነው። ይህ ለአማርኛ ልክ ነው፤ በመላው የግዕዝ ፊደል ላይ ከተጫነ ግን ጥፋት ነው። በትግርኛ ሀ እና ሐ፣ አ እና ዐ የተለያየ ድምፅ አላቸው፤ ለግዕዝም የፊደል ምርጫው ትርጉም ይለውጣል። ስለዚህ ለውጡ የሚሠራው የፋይሉ ቋንቋ አማርኛ ሲሆን ብቻ መሆን አለበት። ሁለተኛው ጥንቃቄ፣ ማቀራረቡ ማውጫው ሲሠራም ተጠቃሚው ሲፈልግም አንድ ዓይነት መሆን አለበት። በአንዱ ብቻ ካስገቡት ፍለጋው ከበፊቱ የባሰ ይሆናል፤ ቀድሞ የተዘጋጁ ፋይሎችም ካልታደሱ አይጠቀሙበትም። ይህን ሁሉ በሪፖርትዎ ላይ አስቀድመው ያብራሩ፤ ከ10 የማይበልጡ ቃላት የያዘ ትንሽ የሙከራ ፋይልም አያይዙ። አማርኛ የማያነብ ጠባቂ ለውጡን የሚመዝነው በዚያ ፋይል ነው።

የላክሁት ትርጉም ሳይታይ ተዘጋ

የኪዊክስ የገጽ ቃላት የሚተረጎሙት ትራንስሌትዊኪ በተባለው መድረክ ላይ ነው፤ ከዚያ ወደ ኮዱ በራሱ ይገባል። ኮዱ በሚቀመጥበት በጊትሀብ በኩል የቋንቋ ፋይሉን በቀጥታ ማረም ሥራውን ያጋጫል። ትራንስሌትዊኪ ላይ ይመዝገቡና ይተርጉሙ፤ ከእያንዳንዱ ቃል ጋር የተቀመጠውን ማብራሪያም ያንብቡ። በጥምዝ ቅንፍ ውስጥ ያሉትን ስሞች አይንኩ፤ ፕሮግራሙ ቁጥርና ቃል የሚተካው በእነሱ ቦታ ነው። በአማርኛ የቃላት ቅደም ተከተል መሠረት ቦታቸውን ማዛወር ግን ይችላሉ፤ ይገባልም።

ያዘጋጀሁት ይዘት ተመለሰ

ምክንያቱ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ የቅጂ መብት ነው። የውክፔዲያ ጽሑፍ ምንጩን በመጥቀስና ተመሳሳይ ፈቃድ በማስቀጠል ይሰራጫል፤ ከአንድ ድረ ገጽ ላይ የተገኘ የመማሪያ መጽሐፍ ግን በነጻ ስለተነበበ ብቻ በነጻ አይሰራጭም። የባለቤቱን የጽሑፍ ፈቃድ አስቀድመው ያግኙ።

ፑል ሪኩዌስቱ (ለውጡ ከዋናው ኮድ እንዲቀላቀል የቀረበው ጥያቄ) ለሳምንታት መልስ አላገኘም

ዝምታውን እንደ ንቀት አይውሰዱት። ጠባቂዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ብዙ ሪፖዚተሪ ይዘዋል። ይልቅ ሥራዎን እነሱ በሚያዩበት ዓይን ይመልከቱት። ከስህተት እርማት ጋር የኮድ ማሳመሪያ ቀላቅለዋል? ይለዩት። አስቀድሞ የተከፈተ የችግር ሪፖርት የለውም? ይክፈቱና ያገናኙት። ራሱ የሚሠራው ፍተሻ ቀይ ነው? አረንጓዴ ሳይሆን ማንም አያነበውም። ዋናው ቅርንጫፍ ቀድሞዎት ሄዷል? ዋናውን በላዩ ከመቀላቀል ይልቅ በሪቤዝ ሥራዎን ከጫፉ ላይ መልሰው ይትከሉት፤ ታሪኩ ቀጥ ብሎ ይነበባል።

ከዚያ በኋላ በአንድ አጭር መልእክት ያስታውሷቸው፦ ምን እንደተስተካከለ፣ በየትኛው እትምና መሣሪያ ላይ እንደተሞከረ፣ ከእነሱ የሚጠብቁት ውሳኔ የትኛው እንደሆነ። እየጠበቁ ሳሉ የሌላ ሰው ፑል ሪኩዌስት ወስደው በራስዎ ኮምፒውተር ይገንቡት፤ ሠራ ወይም አልሠራ ብለው ከሥሩ ይጻፉ። እጥረቱ ያለው እዚያ ላይ ነው፤ የሰው ሥራ የፈተሸ ሰው የራሱን ሥራ የሚያይለት በፍጥነት ያገኛል።