ክረምቱን ከልጆች ጋር ዛንዚባር ለምታስቡ

እኛ ጎጃም ሐምሌና ነሐሴ ልጆች ቤት ተዘግተው እርስ በርስ ሲላፉ የሚውሉበት ነው። ጭቃው ደጅ አያስወጣም። ዛንዚባር ግን ያኔ ደረቅ ነው፤ ከባዱ ዝናባቸው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ነው። አቅሙ ላለው ቤተሰብ የትምህርት ቤቱ እረፍት ከአየሩ ጋር ግጥም ይላል።

ሆቴል ስትመርጡ ታዲያ በፎቶው አትሸወዱ። መጀመሪያ የምታዩት የትኛው ዳርቻ ላይ እንዳለ ነው። የባሕር ዳር ልጅ የሚያውቀው ጣናን ነው፤ ጠዋት ያየው ውሃ ማታም እዚያው ይጠብቀዋል። ውቅያኖስ እንዲህ አይደለም። በምሥራቁ ዳርቻ፣ ፓጄና ጃምቢያኒ፣ ውሃው በቀን ሁለት ጊዜ ብዙ መቶ ሜትር ይሸሻል። ልጁ የዋና ልብሱን ለብሶ እርጥብ አሸዋ ላይ ይቆማል! ወደ ውሃው ልሂድ ካለም መንገዱ ላይ መርፌ የመሰለ እሾህ ያላቸው የባሕር እንስሳት አሉ፤ ጫማ ሳታደርጉለት አትልቀቁት። በሰሜን፣ ኑንግዊና ኬንድዋ፣ ውሃው ያን ያህል ስለማይርቅ ቀኑን ሙሉ ማለት ይቻላል ይዋኛል። ጭፈራው ግን እዚያ ነው የሚደምቀው፤ ከመጠጥ ቤቶቹ ራቅ ያለ ማረፊያ ፈልጉ።

የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ አንድ ዓመት ለሞላው ልጅም ይጠየቃል። ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት። የወባ ትንኝም ስላለ ክፍሉ አጎበር እንዳለው ጠይቁ።