አባትን ስለ ዘመተበት ቀን እንዴት መጠየቅ ይቻላል?

«አባዬ፣ ለምን ዘመትክ?» ብዬ ሦስት ጊዜ ጠይቄዋለሁ። ሦስቴም «ሀገር ተወሮ ዝም ይባላል እንዴ!» ብሎኝ ወደ ሬዲዮው ዞረ። እውነቱን ነው። በ1969 ሚያዝያ የእናት ሀገር ጥሪ ታወጀ፤ ሐምሌ ላይ የሶማሊያ ጦር ኦጋዴን ገባ። ግን ያንኑ ጥሪ ሰምተው የቀሩ የሰፈሩ ልጆችም ነበሩ።

እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ሰው ካለ «ለምን»ን ተዉት፤ ቀኑን ጠይቁ። ጠዋት የት ነበርክ? ከማን ጋር? ማታ ቤት ስትገባ ምን አልክ? በአራተኛው የጠየቅኩት እንዲህ ነው። አባዬ እዚሁ አዳማ፣ ያኔ ናዝሬት፣ አናጺ ቤት ሥራ ይለማመድ ነበር። ቀበሌ የሄደው ጓደኛው ሲመዘገብ አብሮት ሊቆም ብቻ ነው። ጸሐፊው ቀና ብሎ «አንተስ?» አለው።

«እሱ ተጽፎ እኔ በየት በር ልውጣ?» አለኝ አባዬ። ከዚያ ታጠቅ ጦር ሰፈር፣ ከዚያ ምሥራቅ።

ቃል ምረጡ፤ ይህ ከሁሉም ይበልጣል። «ዘመትኩ»፣ «ተቀጠርኩ» እና «ታፈስኩ» ለየቅል ናቸው። ደመወዝ ፈልጎ የገባ ተቀጠርኩ ይላል። ከ1975ቱ የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ በኋላ ከመንገድ የተያዘው ደግሞ ታፈስኩ ይላል፤ እሱን «ለምን ዘመትክ?» ማለት ቁስሉን መንካት ነው። መጀመሪያ እሱ የሚለውን ስሙ፣ ከዚያ በራሱ ቃል ጠይቁት።

ሰዓቱ ቡና ሲፈላ ይሁን፤ ሰው ግን አታብዙ። ጎረቤት ካለ ፉከራው ይመጣል፣ ፉከራ ውስጥ ደግሞ የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱን ልጅ አታገኙትም። እኔ ያገኘሁት እናቴ ወፍጮ ቤት በሄደችበት ቀን ነው። ሊሄድ ሲል አያቴ ስንቁን ቋጥራ ሰጠችው እንጂ በሩ ድረስ አልሸኘችውም። «ብትወጣ እቀር ነበር» አለኝ።

በስልክ ስትቀዱ አስፈቅዱ። «ሰው ገድለሃል?» አትበሉ፤ ልንገር ካለ ራሱ ይነግራችኋል። ዝም ሲል አብራችሁ ዝም በሉ።

ጅጅጋ አጠገብ ያለው የካራማራ ተራራ ከሶማሊያ ጦር የተነጠቀው የካቲት 26 ቀን 1970 ነው። አባዬ ስለ ጓደኛውም ጭምር እስከዚያ ቀን ዋዜማ ድረስ ያወራኛል፣ ከዚያ ያቆማል። እኔም ስልኩን አጠፋና ሁለተኛውን ቡና እቀዳለታለሁ።